አንዴ ተጠይቆ ማን ይበላል

ልጄ ፉትቦል የጀመረ ዓመት አንድ ትልቅ ሰውዬ በርገር ከለከለኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ እያልኩ ነው ያወራሁት። ባለቤቴ «አልከለከለሽም፤ ጠይቆሽ አንቺ ነሽ እምቢ ያልሽው» ሲለኝ፣ «አንተ መቼ ለኔ ፈርደህ ታውቃለህ» እለው ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ልጄ እዚሁ ካናዳ፣ ካልጋሪ ተወልዶ ያደገ፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል፣ ሶፋ ላይ ሲቀመጥ ለሌላ ሰው ቦታ የማይተርፈው ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ እንደገባ ለቡድኑ ተመረጠ። ፉትቦል ስል እኛ የምናውቀውን ኳስ አይደለም፤ ያንን የራስ ቁር አድርገው የሚላተሙበትን ነው። የሱ ቦታ ደግሞ ኳስ እንኳ አይነካም። ከፊት ተደርድረው፣ ኳሱን የሚወረውረው ልጅ ጋ ማንም እንዳይደርስ በደረታቸው ከሚመክቱት አንዱ ነው። መጀመሪያ ሰሞን «ልጄ ላይ ምን አይተውበት ነው ኳስ የማይሰጡት?» ብዬ አሠልጣኙን ላናግር ተነስቼ ነበር። ልጄ ሳቀብኝና «እማዬ፣ የኔ ጆብ መጠበቅ ነው» አለኝ። ሰው የሚጠብቅ ልጅ መውለዴን ስሰማ፣ ኳሱ ይቅርብኝ አልኩ።

ከሜዳው ውጪ ፓርኪንጉ ላይ የተጫዋቾቹ ወላጆች ቀደም ብለው ይመጣሉ። መኪናቸውን ደርድረው፣ የኋላ በሩን ከፍተው፣ ተሸክመው ያመጡትን ግሪል ዘርግተው ይጠብሳሉ። ቴይልጌት ይሉታል። ከጨዋታው በፊት ለራሳቸው ነው፤ ጨዋታው ሲያልቅ ደግሞ ታጥበው ለሚወጡት ልጆች። ያን የመጀመሪያ ቀን ከሥራ በቀጥታ ሄጄ ስለነበር አንጀቴ ታጥፏል። ሽታው ይጣራል። አንዱ ወላጅ፣ ፂሙ ቀይ የሆነ፣ ሽርጥ የታጠቀ ትልቅ ሰውዬ መጥቶ «በርገር ትፈልጊያለሽ?» አለኝ። እኔም እንደ ወጉ «አይ፣ አመሰግናለሁ፣ በልቻለሁ» አልኩት።

ታዲያ ምን ልበል? አንዴ ተጠይቆ እሺ የሚል ሰው የት ነው ያደገው? ሁለተኛ ሲጠይቀኝ «ኧረ ተው፣ አታስቸግር» ልለው፣ ሦስተኛ ሲለምነኝ ደግሞ «እንግዲህ ካልክ ትንሽ» ብዬ ልቀበለው ተዘጋጅቼ ነበር። ሰውዬው «ኦኬ» አለና ሄደ። በቃ ሄደ። በርገሯን ለሌላ ሰው ሲሰጣት በዓይኔ በብረቱ አየሁ።

ከዚያ ወዲህ የጠየቀኝ ሰው የለም። ሻይ በፔርሙዝ ይዤ እሄዳለሁ፣ ጨዋታው እስኪጀምር መኪናዬ ውስጥ እቀመጣለሁ፣ ከዚያ ገብቼ ድምፄ እስኪዘጋ ጮኼ እወጣለሁ። ስስታሞች ናቸው ብዬ ዘግቻቸዋለሁ። እነሱም ሰላም ብለውኝ ያልፋሉ።

አምና የልጄ የመጨረሻው ዓመት ሆነ። ወላጆቹ በዓመት አንድ አንድ ጨዋታ ተራ ይዘው ልጆቹን ያበላሉ። እኛን ማንም አስገድዶን አያውቅም፤ ባለቤቴ ታክሲ ስለሚነዳ ቅዳሜ ሥራ ነው፣ ግሪልም የለንም። ያን ጊዜ ግን የወላጆቹ ግሩፕ ላይ ቀኖቹ ሲላኩ፣ ማንም ሳይቀድመኝ በጥቅምቱ ጨዋታ ስር «እኛ» ብዬ ጻፍኩ። ጨዋታው ቅዳሜ ነው፤ ዓርብ ቢሆን ኖሮ በጾም ቀን ጉዳችን ነበር።

ልጄ ስልኩ ላይ አይቶ ወደ ኩሽና መጣ። «እማዬ፣ እኛ እኮ ግሪል የለንም» አለ።

«ይገዛላ።»

የፍሪጁን በር ከፍቶ ዘጋው። «ኦኬ። ባት፣ ጀስት በርገር፣ እሺ? ፕሊስ። ኪፕ ኢት ሲምፕል» አለኝና ወደ ክፍሉ ገባ።

ሲምፕል ማለት ምን እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ። ሽንኩርቱ የማይሸት፣ ቃሪያ የሌለው፣ እናቱ የሌለችበት ማለት ነው። ውስጤን አቃጠለኝ። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ሰው ፊት መሳቂያ እንዳይሆን ነው የፈራው። እኔ ደግሞ የዚህ ልጅ እናት እኔ መሆኔን ያ ፓርኪንግ ሁሉ እንዲያውቅልኝ ፈልጌያለሁ። እሱም እንዲያፍርብኝ አልፈልግም። ሁለቱን በአንድ ግሪል ላይ እንዴት አድርጌ እንደማበስላቸው ነበር ጭንቀቴ።

ራንድል ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ካሉት ትልልቅ ሱቆች ወደ አንዱ ከባለቤቴ ጋር ሄድን። ሻጩ ወጣት ልጅ ነው፤ ትሑት፣ ጥርሱ የማይከደን። እኔን አልፎ ባለቤቴን «ጌታዬ፣ ምን መጥበስ ይወዳሉ?» አለው። ባለቤቴ እንኳን ሊጠብስ እንቁላል ሲቀቅል ውሃውን የሚያሳርር ሰው ነው። በአገጩ ወደኔ ጠቆመው። ልጁ ለአፍታ ወደኔ አየና ወዲያው ደግሞ ወደሱ ዞረ። የዚህ አገር ሰው እሳት የወንድ ነው ያለው ማን እንደሆነ አላውቅም። «እዚህ ነኝ» አልኩት። ከዚያ በኋላ አልዞረም።

መጀመሪያ የከሰሉን አሳየን። ባለቤቴ ከግሪሉ ፊት ቁጢጥ አለና ክዳኑን እየከፈተ ይዘጋ ጀመር። «ሥጋ ያለ ከሰል ምን ሥጋ ይባላል» አለ። እውነቱን ነው፤ ግን ፓርኪንጉ ላይ ከሰል ክልክል ነው፣ የሚፈቀደው ጋዝ ብቻ ነው ተብሏል። ሐዘን እንደተቀመጠ ሰው ከዚያ ቦታ አልነሳ አለኝ፤ በክንዱ ይዤ አስነሳሁት።

ቀጥሎ ልጁ በኩራት «ይህ ደግሞ ስሞከር ነው» አለን። እኔ ዞር ብዬ የሚያጨስ ሰው ፈለግኩ። ለካ ሥጋ በእንጨት ጭስ ቀስ ብሎ የሚያበስል ሳጥን ኖሯል። ስንት ሰዓት ይወስዳል ስለው «ስምንት፣ አንዳንዴም አሥር» አለኝ። «እኔ ከጨዋታ የወጡ ልጆች ነው የማበላው እንጂ ሠርግ አልደግስም» አልኩት። ባለቤቴ ያን ቀን ማታ ለወንድሙ በስልክ «ሚስቴ ስሞከር ልትሆን ትንሽ ነበር የቀራት» ብሎት፣ ወንድሙ እስከ ዛሬ ሲጋራ የጀመርኩ ይመስለዋል።

ከዚያ ወደ ጋዞቹ መጣን። ትንንሽ፣ እንደ ሻንጣ የሚታጠፉ፣ የሚያማምሩ ናቸው። ሁሉም ግን ላያቸው ዘንግ ዘንግ ነው። ጣቴን በዘንጎቹ መሃል ሰደድኩት፤ ሰተት ብሎ ገባ። «ጥብሴ በዚህ እሳቱ ውስጥ ይወድቃል» አልኩት። ጥብስ ምን እንደሆነ፣ ሥጋው ምን ያህል እንደሚከተፍ በእጄ አሳየሁት። ልጁ አሰብ አደረገና «ታዲያ ሥጋውን ተለቅ አድርገሽ ብትቆርጪውስ?» አለኝ። ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠረገ፤ የሚመጣውን ያውቃል። እኔ ግን ምንም ክፉ አልተናገርኩም። «የኔ ጌታ፣ ግሪሉ ነው ለሥጋው የሚገዛው እንጂ ሥጋው ለግሪሉ አይቆረጥም» አልኩት።

እሱ ሲያመነታ እኔ ከታችኛው መደርደሪያ ላይ አየሁት። ላዩ ወጥ ብረት፣ ቀዳዳ የሌለው፣ ዙሪያውን ጠርዝ ያለው፤ ከሥሩ ሁለት እሳት፣ የሚታጠፍ እግር፣ ነፋስ የሚመልስ ክዳን። «እሱ እንኳ ብዙውን ጊዜ ለቁርስ ነው፣ ለፓንኬክ» አለ ልጁ። ባለቤቴ ሳቀ። «ይሄማ መጥበሻ ነው፤ እግር ያወጣ» አለ። ልቤ ዘለለ። በርገሩ በአንዱ እሳት፣ ጥብሱ በሌላው።

መሸከም እንደምችል ሳላይ ግን አልገዛም አልኩ። ሥራዬ አዛውንቶች የሚኖሩበት ቤት ነው፤ ሰው አንስቼ አስተኛለሁ፣ አንስቼ አስቀምጣለሁ። ወገብ ሳይሆን ጉልበት እንደሚያነሳ ያስተማሩኝ እዚያ ነው። ጉልበቴን አጥፌ አነሳሁት፣ በመደርደሪያዎቹ መሃል እስከ ቀለም መሸጫው ድረስ ወስጄ መለስኩት። ሰው ያየኛል። ይየኝ።

ስንከፍል ሻጩ «መጀመሪያ ሲዝን ማድረግ አለብሽ» አለኝ። ለኔ ሲዝን ማለት ቅመም ነው፤ ወይም የልጄ ፉትቦል። «ቅመሙንስ ለኔ ተወው» አልኩት። ልጁ ግራ ገባው። «አይ፣ ብረቱን። ዘይት ቀብተሽ ታግዪዋለሽ፣ ትወለውዪዋለሽ፣ ደግሞ ትቀቢዋለሽ፣ እስኪጠቁር።» ባለቤቴና እኔ ተያየን። «ማሟሸት በለኛ» አልኩት በአማርኛ። አዲስ ዕቃ ሳይሟሽ እሳት ላይ እንደማይጣድ ለኔ ሊነግረኝ ነው እንዴ ይህን ያህል የተጨነቀው? ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዕቃው የራሴ ሆነ።

ፋልከንሪጅ ያለው ቤታችን ጓሮ አውጥቼ አሟሸሁት። በማግስቱ ጥብስ ሞከርኩበት። የካልጋሪ ነፋስ እሳቱን ሁለቴ አጠፋብኝ፤ ክዳኑን በነፋሱ በኩል ሳዞረው ረጋ። ሽንኩርቱ፣ የጥብስ ቅጠሉ፣ ቅቤው አንድ ላይ ሲነሳ ልጄ የጓሮውን በር ከፍቶ ወጣ። ቆሞ በላ። ጨመርኩለት፣ ቆሞ በላ። «እማዬ፣ ኢትስ ሶ ጉድ» አለኝ አፉ ሞልቶ። ከዚያ ጣቱን ልሶ «ለልጆቹ ግን በርገር፣ ራይት?» አለኝ።

ጓሮ ሲሆን ይጣፍጣል፤ ፓርኪንግ ሲሆን ያሳፍራል። ይሄኛው ከመጀመሪያው ይልቅ አመመኝ። «ራይት» አልኩት። በርገር አላደርግም አላልኩትም፤ በርገር ብቻ አደርጋለሁም አላልኩትም።

የጨዋታው ቀን ብርድ ነው፣ ነፋስ ነው። ባለቤቴ ታክሲውን አሳርፎ አብሮኝ መጣ። ልጄ ያን ቀን እንደ ግድግዳ ነበር የቆመው፤ በሱ በኩል ያለፈ ሰው አላየሁም። ቢሆንም ተሸነፉ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ጥዬ ወጥቼ መኪናውን ለነፋሱ አግድሜ፣ እሳቴን ለኩሼ፣ በአንዱ በኩል በርገሩን፣ በሌላው በኩል ጥብሱን ጣልኩ። ብረቱ ሲንጫጫ ልቤም ይንጫጫል።

ወላጆቹ ወጡ። ከዚያ ልጆቹ፣ ፀጉራቸው እንደራሰ፣ ቦርሳቸውን እየጎተቱ፣ ከቀብር እንደሚመለስ ሰው አንገታቸውን ደፍተው። የመጀመሪያውን «ብላ» አልኩት። «አይም ጉድ» አለኝ። እዚህ አገር እምቢ ሲሉ እንዲህ ነው። ሁለተኛው «አይም ጉድ»። ሦስተኛው «አይም ጉድ»። እውነትም ጉድ ነው። ጥብሱ እየደረሰ ነው፣ ማንም አይበላም፣ ልጄም ከኋላ እየመጣ ነው። በሩቅ ጥብሱን ሲያይ አየሁት፤ እርምጃው ቀዘቀዘ።

ፊቴ የቆመው ያ ቀይ ፂም ነበር። በርገር የከለከለኝ። ጥብሱን በዳቦ አድርጌ ዘረጋሁለት። «ኖ ታንክስ፣ አይም ጉድ» አለኝ ፈገግ ብሎ። እንደገና ዘረጋሁለት። «ሪሊ፣ አይም ጉድ» አለኝ።

ሥራ ቦታ አልበላም ብለው ጥርሳቸውን ነክሰው የሚውሉ አዛውንቶችን ተለማምጬ የማበላ ሴት ነኝ። ይሄ ሊያሸንፈኝ ነው? «በሞቴ» አልኩት። እንዳልገባው አየሁና በእንግሊዝኛ ደገምኩለት። «ኢት። ፎር ማይ ዴዝ።»

ሰውዬው ቀይ ፊቱ ነጣ። «ምነው፣ አሞሻል እንዴ?» አለኝ። ሚስቱ እጇን አፏ ላይ አደረገች። አንዷ እናት መጥታ ትከሻዬን ያዘች። ባለቤቴ ሳቁ አፍኖት ወደ መኪናው ዞረ፤ እሱ ለምንም አይሆንም። ሁሉም ወደ ልጄ ዞረው «እናትህ ምን ሆና ነው?» አሉት።

አንገቱ ድረስ ቀላ። እዚህ ጋ አለቀልኝ አልኩ። «ተዉአት፣ ቀልዷን ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችል ነበር። ቢለውም አልፈርድበትም።

ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ። በእንግሊዝኛ ነበር የተናገረው፣ እያንዳንዷን ግን ሰማሁ። «አላመማትም። በሞቴ ማለት፣ ካልበላህ እናቴ ትሞታለች ማለት ነው። እኛ ጋ ሕግ አለ። ሲሰጥህ እምቢ ትላለህ። እንደገና ትሰጥሃለች። እንደገና እምቢ ትላለህ። በሦስተኛው ትበላለህ። በመጀመሪያው እሺ ካልክ ባለጌ ነህ። በሦስተኛው እምቢ ካልክ ደግሞ ገደልካት።»

ቀይ ፂሙ ሰውዬ ልጄን አየው፣ እኔን አየኝ፣ አንድ ነገር ፊቱ ላይ በራ። «ቆይ እስቲ። የመጀመሪያው ዓመት በርገር ስሰጥሽ…»

«አንዴ ብቻ ነው የጠየቅከኝ» አልኩት። ሦስት ዓመት ሆዴ ውስጥ የቆየች ቃል ነች፤ ዱብ አለች።

ሰውዬው ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ምግባቸውን የተጸየፍኩ መስሏቸው ነበር ለካ። እንዳያስቀይሙኝ ብለው ነበር ሁለተኛ ያልጠየቁኝ። እኔ ስስታም እያልኳቸው፣ እነሱ ኩሩ እያሉኝ። ሳቅ ጀመረውና መላ ሰውነቱ ተንቀጠቀጠ፤ እኔንም ሳቅ ያዘኝ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ወደ በርገሩ ሄደ።

«ኖ ኖ» አለው ልጄ። በትልቁ እጁ የሰውዬውን ክንድ ይዞ ወደ ጥብሱ አዞረው። «ከዚህኛው። ይሄ ነው የእናቴ።»

እግዚአብሔር ያውቃል፣ ሜዳ ላይ ሰው ሲመክት ስንቴ አይቼዋለሁ፤ እንደዚያች ደቂቃ ግን ኮርቼበት አላውቅም።

ሰውዬው ጎረሰና ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ማየት ነበር። ልጆቹ ሽንፈታቸውን ረስተው ተሰለፉ። ሕጉንም ያዙት። አንዱ ይመጣል፣ «ኖ ታንክስ» ይላል፣ እኔ «በሞቴ» እላለሁ፤ «ኖ፣ አይ ኩድንት» ይላል፣ «በሞቴ» እላለሁ፤ ከዚያ እንደ ተገደደ ሰው ተክዞ ይቀበለኛል። ቡድኑ በሙሉ በተራ እምቢ እያለ በላልኝ። በር የሚያህል አንድ ልጅ ሦስቴ ተመልሶ መጥቶ፣ ሦስቴም እምቢ አለ። በርገሩ ጥጉ ላይ ደረቀ፤ ማንም ዞሮ አላየውም። ባለቤቴ ዳቦ ይከፍታል፣ እኔ እሞላለሁ፣ ነፋሱ ሽታውን ይዞ ይዞራል፣ የሌላው ቡድን ወላጆች እንኳ አንገታቸውን እያሰገጉ ያልፋሉ። ለነሱም «በሞቴ» አልኩ። የተሸነፍን እኛ፣ የምናበላ እኛ።

ብረቱ ላይ ለአንድ ሰው የሚሆን ሲቀር እሳቱን አጠፋሁ። ልጄ መጣና የቀረውን ራሱ ጠርጎ ዳቦ ውስጥ ሞላው። የሚበላው መስሎኝ ነበር።

«እማዬ፣ በልተሻል?»

«በልቻለሁ ልጄ።» አፌ ለምዶበት ነው። ከጠዋት ጀምሮ ከሻይ በቀር የቀመስኩት የለም።

ዳቦውን ወደኔ ዘረጋ። ከዚያ በዚያ ግማሹ እንግሊዝኛ በሆነ አፉ፣ «ቴ»ዋን እያለሳለሰ፣ ቡድኑ ሁሉ እየሰማ፣ «እማዬ» አለኝ፤ «በሞቴ።»

ይህን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ እንደ ጨው በትኜዋለሁ። ከልጄ አፍ ሲወጣ ግን ደረቴ ውስጥ ገብቶ ቆመ። የኔን ሞት ያስቀድመው፣ የሱን አያሰማኝ። የቡድኑ ልጆች ሕጉን ተምረዋልና ሁለቴ እምቢ እስክል ዝም ብለው ጠበቁኝ።

አንዴ ነው የጠየቀኝ። ተቀብዬው በላሁ።